የማልኩለት ቆስጣ

በሕይወቴ አንድ ጊዜ በአላህ ስም ምዬ ዋሽቻለሁ። የዋሸሁት ሳላውቅ ነው። ቢሆንም ቃሉ የወጣው ከእኔ አፍ ነው፤ የሰሙኝ ሴትም ያመኑት እኔን ነው። ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። እስከ ዛሬ ስላልበረደልኝ ነው።

ነገሩ የሆነው ረመዳንና ሁዳዴ በገጠሙበት ወቅት፣ ከአንድ ሐሙስ ጠዋት እስከ አርብ ረፋድ ባለው ጊዜ ነው። መጀመሪያ ግን ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ።

ሀያት እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነው። አባቴ ከወሎ መጥቶ በልብስ ስፌት ያሳደገን ሰው ነበር። ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሳይንስ ተምሬ ስወጣ መጀመሪያ የተቀጠርኩት አንድ የአበባ እርሻ ላይ ነው። እዚያ መድኃኒት በተረጨበት ቤት ውስጥ ሲለቅሙ ውለው ደረታቸውን ይዘው የሚያስሉ ሴቶች አየሁ። ሦስት ዓመት ሠርቼ ወጣሁ። ሁለተኛ አፈር የምነካ ከሆነ የሠራተኛውን ሳንባም የበላተኛውን ሆድም በማይጎዳ መንገድ ይሁን ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

መሬት ተገኘ፤ ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ፣ ቀይ አፈር ያለበት። ገንዘብ ግን አልነበረኝም። የባንክ ብድር ደግሞ ወለድ አለበትና አልፈለግሁትም። ታላቅ ወንድሜ ጀማል ነጋዴ ነው። እሱ ገንዘቡን፣ እኔ ጉልበቴንና ዕውቀቴን አምጥተን ትርፉንም ኪሳራውንም ልንካፈል ሐጂ ሰዒድ ፊት ተስማማን። ሐጂ ሰዒድ የአባታችን ወዳጅ ናቸው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ቤተሰባችን ውስጥ ነገር ሲከብድ የምንሄደው እሳቸው ዘንድ ነው።

ኬሚካል አንረጭም ነበር። ማዳበሪያችን እበትና የቅጠል ብስባሽ ነው። ጉድጓድ አስቆፍረናል፤ ጎረቤት ገበሬ ከጉድጓዱ ውሃ ሲጠይቅ አንከለክልም፤ ውሃው የአላህ ነው ብለን ነው የጀመርነው። ሐሙስ ሐሙስ ከምርቱ የመጀመሪያው ለሰደቃ፣ ለድሀ ምጽዋት ይወጣል። የሚወስደውን ሰው ክርስቲያን ነህ ሙስሊም ነህ ብለን ጠይቀን አናውቅም። ምርቱን የምንሸጠው ልደታ፣ ወደ ፍርድ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ በከፈትነው ሱቅ ነው። ሰሌዳው ላይ «ያለ ኬሚካል፣ በጉድጓድ ውሃ፣ በሐላል መንገድ የተመረተ» ብለን አስጽፈናል። ከደንበኞቻችን አብዛኞቹ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ የፍርድ ቤት ሠራተኞች፣ የኮንዶሚኒየም ሰዎች፣ የአብነት ሰፈር እናቶች። ሐላል የሚለውን ቃል ሲያዩ አይሸሹም። እንዲያውም «እናንተ ፈጣሪን ትፈራላችሁ» ይሉናል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ አትክልት ይሻማል። የዚያን ዓመት ደግሞ ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት እናቴ ታመመች። ስምንት ቀን ሆስፒታል አብሬያት ከረምኩ። እርሻውንም ሱቁንም ለጀማል ተውኩለት። በየቀኑ ይደውልልኛል፣ «ሁሉ ሰላም ነው፣ አንቺ እናታችንን ጠብቂ» ይለኛል። እኔም አመሰግነዋለሁ።

ረቡዕ እናቴ ተሽሏት ወጣች። ሐሙስ ጠዋት ሱቅ ገባሁ። ሱቁን የምትይዘው የአክስቴ ልጅ ሰሚራ ናት። መደርደሪያው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሙሉ ነው። ቆስጣው ቅጠሉ የሰው ክንድ ያህላል። ገረመኝ፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር የገረመኝ። ስምንት ቀን ብለይ እርሻዬ ያለ እኔ ይህን ያህል አማረበት አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ እትዬ አስካለ መጡ። ከፍርድ ቤት ጸሐፊነት ጡረታ የወጡ፣ አብነት የሚኖሩ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው ጋሽ ተፈራ አንጀቱን ኦፕራሲዮን ሆኖ ቤት ከገባ ገና አሥር ቀኑ ነበር።

«እንዴት ሆነ?» አልኳቸው።

«ተመስገን። ምግብ አልወርድ ብሎታል እንጂ። ቆስጣውን ከካሮት ጋር እየፈጨሁ ጭማቂውን እሰጠዋለሁ። ሳላበስለው ነው ታዲያ፤ አደራ ልጄ፣ የእናንተው ነው አይደል? ሐኪሙ ንጹሕ ካልሆነ አታስነኪው ብሎኛል።»

«ወላሂ፣ የራሳችን ነው» አልኩ።

«አንቺ ካልሽ ይበቃኛል» ብለው ሁለት እስር ቆስጣ ይዘው ሄዱ።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጓዳ ገብቼ ያልታጠበውን ቆስጣ ማጠብ ጀመርኩ። ሥሩ ላይ የተጣበቀው ጭቃ ጥቁር ነው። ደግሜ አየሁት። እኛ መሬት ላይ ጥቁር አፈር የለም። ጭቃውን በጣቴ ፍቄ አሸተትኩት። የተዘጋ ቦይ ይሸታል። ላዩ ላይ ደግሞ እንደ ዘይት ያለ ነገር ያብለጨልጫል።

ወዲያው እርሻው ላይ ላለው ኃላፊ፣ ለገመቹ ደወልኩ።

«ገመቹ፣ የዛሬውን ቆስጣ ከየትኛው መደብ ነው የቆረጣችሁት?»

«ሀያት፣ አልነገሩሽም እንዴ?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ፓምፑ ተቃጥሏል። ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ግማሹ መደብ ደርቋል። ከቅዳሜ ወዲህ ከዚህ አንዲት ቅጠል አልወጣችም። ወንድምሽ እናቷን እያስታመመች ነው፣ አታስጨንቋት ስላለን ነው ያልደወልንልሽ።»

ስልኩን ዘጋሁት። ሰሚራን «ይህን ማን አመጣው?» አልኳት።

«ጀማል ነዋ። በየቀኑ ከሱብሂ ሶላት በኋላ በራሱ መኪና ያመጣል። ምን ሆነሽ ነው?»

ደንበኞችን ይቅርታ ጠይቀን ሱቁን ዘጋን። ጀማል ስድስት ሰዓት ላይ መጣ። ኮፍያውን አድርጎ፣ መቁጠሪያውን ይዞ፣ የተዘጋውን በር ሲያይ ግራ ተጋብቶ ገባ።

«በጾም ቀን በዚህ ሰዓት ምን ያዘጋችኋል?»

ጥቁሩን ጭቃ አሳየሁት። አልካደም። መካድ አለመካዱ ሳይሆን አለመደንገጡ ነው ያቃጠለኝ።

«ፓምፑ እስኪሠራ ነው» አለ። «ደንበኛ አንዴ ከሄደ አይመለስም። ዘጠኝ ሠራተኛ አለን። በዚህ ጾም ባዶ መደርደሪያ ይዘሽ ልትቆሚ ነው?»

«ከየት ነው ያመጣኸው?»

«ከወንዝ ዳር። ይሄ ከተማ ሙሉ የሚበላው ይህንኑ ነው ሀያት። ማን ሞተ?»

«ከተማው የወንዝ ዳር መሆኑን እያወቀ ይግዛ። እኛ ግን ሰሌዳ ሰቅለናል። እኔ ዛሬ ጠዋት ለበሽተኛ ሰው ምዬ ሸጥኩ።»

«ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ ጾመኛ ነን።»

ጾመኛ ነን አለኝ። የጀማልን ፊት እያየሁ መጀመሪያ የታየኝ ጾሙን እንኳ መደበቂያ እንዳደረገው ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። በዚያች ደቂቃ መሮጥ የነበረብኝ ወደ አብነት ነበር። የእትዬ አስካለ ስልክ የለኝም፤ ቤታቸውን ግን አውቀዋለሁ፤ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። አልሄድኩም። ጀማልን «ቦታውን አሳየኝ» አልኩት። ምናልባት ንጹሕ ምንጭ ይኖር ይሆናል፣ ምናልባት ወንድሜ የሚመስለውን ያህል አልወደቀ ይሆናል ብዬ ማምለጫ ፍለጋ ነው የሄድኩት። ማምለጫው ለእሱም ለእኔም ነበር።

በመኪናው ወረድን። ከተማውን አቋርጦ የሚወርደው ወንዝ ዳር፣ ከአንድ ድልድይ በታች፣ ለምለም መሬት ተዘርግቷል። ከላይ ከግንብ ሥር የወጣ ወፍራም ቱቦ ሐምራዊ ውሃ ወንዙ ላይ ይደፋል። ከቱቦው ሃምሳ እርምጃ ዝቅ ብሎ አንድ ፓምፕ እየጮኸ ውሃውን ወደ መደቡ ይስባል። ዕድሜያቸው የገፋ ሴትዮ ጎንበስ ብለው ቆስጣ ያጭዳሉ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ተሰነጣጥቋል። ጀማልን ሲያዩት ፈገግ አሉ።

«ዛሬም ልትጨምር መጣህ?» አሉት።

«እናቴ፣ ውሃው ይሄ ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሌላ ምን ውሃ አለን?»

«ለሚገዛችሁ ሰው ትናገራላችሁ?»

ቀና ብለው አዩኝ፤ በጥያቄዬ የተቀየሙ መሰሉ። «ምን እንደብቃለን? ወንዙ ይኸው ተዘርግቷል። ገዢው እያየ ነው የሚጭነው። ከዚህ ወስዶ ምን እንደሚል እሱ ያውቃል።»

ጀማል ወደ መኪናው ዞረ። እኔ ከሴትየዋ ጋር ትንሽ ቆምኩ። እሳቸው ድሀ ናቸው፤ ያላቸው መሬት ይሄ ነው፤ እውነቱን ግን ሳይጠየቁ ሜዳ ላይ አስቀምጠውታል። ሰሌዳ አልሰቀሉም። በማንም አልማሉም።

በመመለሻችን ጀማል ሱቅ አልወሰደኝም። ቀጥታ ጠመንጃ ያዥ፣ ሐጂ ሰዒድ የጨርቅ ሱቅ በር ላይ አቆመ። «እሳቸው ይፍረዱ» አለ። የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ተሰግዶ ነበር። ሐጂ ሁለታችንንም አስቀምጠው ሰሙን። ጀማል ሲናገር አቋረጡትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄ ማታለል ነው» አሉት። «ሐራም ነው፤ ሌላ ስም አትስጠው። ተውበት አድርግ፤ ተጸጽተህ ተመለስ።»

ልቤ እፎይ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ደግሞ ልጄ፣ ያለውን አትክልት ጣዪው። ፓምፑን አሠሩ። ግን ወጥተሽ አትናገሪ።»

«ለምን ሐጂ?»

«ዘመኑን እያየሽው ነው። ሰሌዳችሁ ላይ ሐላል ይላል። ነገ ጀማል አታለለን አይሉም፤ እስላሞቹ አበሉን ነው የሚሉት። በሁዳዴ፣ ጾመኛ ክርስቲያን ላይ። አንድ ሰው ባጠፋው ስንቱ ይሰደባል? የወንድምን ነውር መሸፈን የሃይማኖት ግዴታ፣ ዲን ነው።»

ሐጂን ከልጅነቴ ጀምሮ ቀና ብዬ መልሼላቸው አላውቅም። ያን ቀን መለስኩ።

«ሐጂ፣ ወንድሜ ቤቱ ተደብቆ ቢሠራው እሸፍንለታለሁ። ይሄ ግን ሰው ሆድ ውስጥ ገብቷል። እርስዎ የሚሉት መሸፈን ለጀማል ነው ወይስ ለእኛ ስም?»

«ለዲኑ ነው ልጄ።»

«አሁንም የሚበሉት አሉ። ዛሬ ማታ የሚበሉት። ዲኑ እነሱን አያውቃቸውም?»

ጀማል «ያመት በዓል ልብስ መግዣ እንኳ ሳይኖርሽ እኔ ባወጣሁት ገንዘብ እርሻ የከፈትሽ ልጅ ነሽ፤ ዛሬ ልታዋርጂኝ ነው?» አለኝ። ተነስቼ ወጣሁ። ያኔ ነው አብነት ትዝ ያለኝ፤ ጸሐይዋ ልትጠልቅ ነው።

ታክሲው ሰልፍ ነበረው። በእግሬ ሄድኩ፤ ሮጥኩ ማለት ይሻላል። ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ሂጃቤ ትከሻዬ ላይ ወርዷል። በብረት ሠሪዎቹ መሐል አቋርጬ፣ ቆርቆሮ አጥር ተደግፌ ትንፋሼን ሰብስቤ፣ ቤታቸው ደረስኩና አንኳኳሁ። ራሳቸው ከፈቱ።

«እትዬ፣ ቆስጣውን ሰጥተውታል?»

«ቀትር ላይ አንድ ብርጭቆ ጠጥቷል። አሁን ሁለተኛውን ልሰጠው ነው። ምነው ልጄ፣ ምን ሆነሻል?»

ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ ጭማቂ በብርጭቆ ተቀምጧል። ጋሽ ተፈራ በትራስ ተደግፎ ፈገግ ብሎ ያየኛል። ነገርኳቸው። ሁሉንም፣ ወንዙንም ቱቦውንም። እትዬ አስካለ ብርጭቆውን አንስተው ጓዳ ወሰዱና ደፉት። ሲመለሱ አልተቀመጡም።

«ምለሽልኝ ነበር» አሉ።

ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ይቅርታ ያልኩ ይመስለኛል፤ በትክክል ምን እንዳልኩ አላስታውስም። የመግሪብ አዛን ከሩቅ ሲሰማ ገና በር ላይ ቆሜያለሁ። እትዬ አስካለ አዛኑን ሰምተው ወደ ውስጥ ገቡ፣ ብርጭቆ ውሃ ይዘው ተመለሱ።

«እንቺ፤ ጾምሽን ፍቺ» አሉኝ። «የቧንቧ ነው። አፍልቼ ያቀዘቀዝኩት።»

ጠጣሁት። እየጠጣሁ አለቀስኩ። በእኔ የተበደሉ ሴት ለእኔ ያፈሉትን ውሃ ሲሰጡኝ፣ እኔና ወንድሜ ለእሳቸው በሽተኛ የሰጠነውን እያሰብኩ።

አርብ ጠዋት ሱቁን ከፈትኩ። ከሰሚራ ጋር አትክልቱን ሁሉ አውጥተን በር ላይ ከመርነው። ለብስባሽ እንኳ አልፈለግሁትም፤ የዚያ ቱቦ ነገር ወደ ቀዩ አፈሬ እንዳይገባ። በትልቅ ካርቶን ላይ ጻፍኩ፦ «ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ እዚህ የተሸጠው አትክልት ከእርሻችን አይደለም። በተበከለ የወንዝ ውሃ የበቀለ ነው። የቀረ ካለዎት እባክዎ ይጣሉት።»

ሰው ተሰበሰበ። አንዳንዱ አንብቦ ዝም ብሎ ሄደ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ሆዷን ይዛ «በየቀኑ ስበላ ነበር እኮ» አለችኝ። ከጎን ሱቅ ያለው ሙስሊም ነጋዴ ጠጋ ብሎ «አንሺው፣ አታሰድቢን» አለኝ በለሆሳስ። ኮት የለበሰ አንድ ሰው ደግሞ ካርቶኑን ጮክ ብሎ አነበበና «ከእነሱ ምን ትጠብቃላችሁ?» አለ።

ሐጂ የፈሩት ቃል መጣ። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ጆሮዬ እስኪግል ሰማሁት። ተናደድኩ፤ በሰውየው ብቻ አይደለም። ይህን ቃል እንዲናገር መንገዱን በጠረገለት ወንድሜ ተናደድኩ።

እትዬ አስካለ በሰዉ መሐል ሲመጡ አላየኋቸውም። ነጠላቸው ተጨማድዷል፣ ዓይናቸው ቀልቷል። የቀረችውን አንድ እስር ቆስጣ ክምሩ ላይ ወረወሯትና ወደ ሰውየው ዞሩ።

«ባሌ ሲያስታውክ አድሮ ሆስፒታል ተኝቷል» አሉት። «ከአንተ በላይ የተጎዳሁት እኔ ነኝ። ግን 'ከእነሱ' አትበል። ያታለለን አንድ ሰው ነው። ስም አለው።» ከዚያ እኔን ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «ማን ይባላል?»

ጀማል ከመንገዱ ማዶ መኪናውን አቁሞ ቆሟል። አየሁት፤ እሱም አየኝ። በእጁ አትናገሪ የሚል ምልክት አሳየኝ። ሕፃን ሆኜ ትምህርት ቤት ያደረሰኝ፣ አባታችን ሲሞት ሬሳውን ያጠበ ወንድሜ ነው።

«ጀማል ይባላል» አልኩ። «ወንድሜ ነው። ሰሌዳውን አብረን ነው የሰቀልነው።»

ጀማል መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ።

ጋሽ ተፈራ አራት ቀን ተኝቶ ወጣ። ከቆስጣው ይሁን ከቁስሉ ሐኪሞቹ ቁርጡን አልነገሩንም። ለእኔ ልዩነት የለውም። ሽርክናችን በዚያው ሳምንት ፈረሰ። መሬቱ ግማሽ በግማሽ ሆነ፤ እኔ ጉድጓዱ ያለበትን ወሰድኩ። ገመቹና ሁለት ሴቶች ከእኔ ጋር ቀሩ፤ ሌሎቹን ማቆየት አልቻልኩም፣ እሱም ያንገበግበኛል። ሱቁ ጠቧል። እትዬ አስካለ አምስት ወር አልመጡም። የመጡ ቀን «አትማዪልኝ፤ ውሰጂኝና አሳዪኝ» አሉኝ። ወሰድኳቸው። ከዚያ ወዲህ በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ የፈለገ ደንበኛ እርሻ ይወርዳል፤ ጉድጓዱን ያያል፣ አፈሩን ይነካል። እኔ ግን ሸቀጥ ለመሸጥ ሁለተኛ አልማልኩም።

ጀማል ዛሬ በሌላ ክፍለ ከተማ አትክልት ይሸጣል። ባለፈው ሳምንት በዚያ አለፍኩ። ሰሌዳው ላይ ያው ቃል ነው፤ በሐላል መንገድ የተመረተ ይላል። ውሃው ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። እናታችን ቤት ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፣ ይህን ነገር አናነሳውም። ተውበት አድርጎ ሊሆን ይችላል። ያ በእሱና በአላህ መካከል ነው። አትክልቱ ግን በእሱና በእናንተ መካከል ነውና ጠይቁት። ቢቆጣ ጠይቁት። ጾመኛ ነኝ ቢላችሁም ጠይቁት። እኔንም እንዲሁ።

ለምን ወንድምሽን አደባባይ አወጣሽው፣ ለምን ለዲኑ ስም አላሰብሽም የሚሉኝ ሰዎች እስከ ዛሬ አሉ። መስጊድ በር ላይ ሰላምታ የነፈጉኝም አሉ። ለእነሱ የምለው ይኸው ነው። ዲኑ የሚጠብቀው ጌታ አለው። ጋሽ ተፈራን ግን ያን ቀን ሁለተኛው ብርጭቆ ሲዘጋጅለት ሊጠብቀው የሚችል ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ሐጂ ዘንድ ተቀምጬ ስለ ስማችን ስከራከር ነበር።